መብራቱን ያጠፋሁ ዕለት

እኔ የምሠራበት የቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ክፍል ሁለት ሕግ አለው። አንደኛው፣ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ምክንያቱ አቧራ ነው፤ የባሕር ዳር አቧራ በበጋ ማሽን ውስጥ ከገባ አይወጣም። ሁለተኛው ሕግ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ የጻፍሁትም እኔ ነኝ፦ «ሥራችሁን ወደ ኢሜይላችሁ ሳትልኩ አትነሡ።» ሰው የመጀመሪያውን ሕግ ሳይነግሩት ያከብራል፤ ቤተ ክርስቲያን የለመደ እግር ነውና። ሁለተኛውን ግን ብትለፈልፍለትም አይሰማም። ከዚያ መጥቶ «እትዬ፣ የጻፍሁት ጠፋብኝ» እያለ ጠረጴዛዬ ላይ ያለቅሳል።

የሚጠፋው በማሽኖቹ ክፋት አይደለም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር እንደ ቤት ኮምፒውተር አይደለም። ጠፍቶ በበራ ቁጥር የተጻፈበትን፣ የተከፈተበትን፣ የተጫነበትን ሁሉ ረስቶ እንደ አዲስ እንዲነሣ ተደርጎ ነው የተዘጋጀው። አንዱ የተወው ቫይረስ ለሌላው እንዳይተርፍ፣ የአንዱም ምሥጢር በሌላው ዓይን ሥር እንዳይወድቅ። ፍላሽ መሰካትም ክልክል ነው። ስለዚህ ሰው የሠራውን ይዞ የሚወጣበት በር ኢሜይል ብቻ ነው። እኔ ይህን አሠራር እወደው ነበር። ቂም የማይዝ ነገር በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል? እኔ ራሴ ከባሌ እናት ጋር ያለኝን ነገር አድሬበትም አልረሳውም።

ከደንበኞቼ ሁሉ ሰዓት የሚያከብሩት ጋሼ ነበሩ። ጋሼ የምላቸው በዕድሜ አባቴ ስለሚሆኑ ነው፤ ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴም ናቸው። የፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሽመና ማሽን ጩኸት መሀል ቆመው ስለ ኖሩ ጆሯቸው ቀስ በቀስ እየከዳቸው ሄዶ፣ ጡረታ ሲወጡ ጭራሽ አልሰማ አለ። ባለቤታቸው ቀደም ብለው ዐርፈዋል። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ እሱም ከአገር ወዲያ ጫፍ፣ ቆላ ውስጥ፣ መንገድ በሚሠራ ድርጅት ቀያሽ ነበር። ስልክ ቢደውልላቸው አይሰሙም። በእጅ ስልክ የሚመጣው ኢንተርኔት ደግሞ ያን ጊዜ በከተማችን ተቋርጦ፣ በገመድ የሚመጣው ብቻ ነበር የቀረው። ስለዚህ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሼ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ በመስኮቱ በኩል ወዳለችው ኮምፒውተር ይሄዳሉ። ከዚያ መስኮት ሐይቁ ይታያል። ጽሕፈቱን ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት፤ ግን ይጽፋሉ።

የጆሯቸው ነገር ሁለት ዐመል አትርፎላቸዋል። አንደኛው፣ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶና ከመድኃኒት ካርቶን የተቆረጡ ቁራጮች አይጠፉም። አንድ ሰው ሊያነጋግራቸው ሲመጣ ሁለቱን አውጥተው ይሰጡታል፤ የፈለገውን ጽፎ ይመልስላቸዋል። ሁለተኛው፣ ፊታቸው ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። የራሳቸው ድምፅ ስለማይሰማቸው ሹክ ያሉ ይመስላቸዋል። ሲጽፉም እንደዚሁ ናቸው። «ልጄ ሆይ... እንደ ምን... ዋልህ... ሐይቁ ዛሬ... ነፋስ ብጤ... አለው...» ይላሉ፣ ቃል በቃል፣ ጣታቸውን እየጠበቁ። መጀመሪያ ላይ አንባቢው ሁሉ «እሽሽ» ይላቸው ነበር። ለማይሰማ ሰው «እሽሽ» ማለት ምን ይረባል? በኋላ ተዉአቸው፤ ከተዉአቸውም በኋላ መከታተል ጀመሩ። ልጁ ቆላ ነውና ስለ ሐይቁ ካልጻፉለት ይቀየማቸዋል። እምቦጩ፣ ያ የውኃ አረም፣ ወዴት እንደ ተገፋ፣ ከማዶ ከደልጊ የመጣችው ጀልባ ምን እንደ ጫነች፣ ጉማሬ ታይቶ እንደሆነ፣ ክፍሉ ሁሉ ከእሳቸው ይሰማ ነበር።

አካሄዳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ ባዶ ገጽ ላይ ደብዳቤያቸውን ጽፈው ይጨርሳሉ። «እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅህ፤ አባትህ» ሲሉ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ኢሜይላቸውን ይከፍታሉ፣ ልጃቸው የጻፈውን ያነባሉ፣ የራሳቸውን ገልብጠው ይልካሉ። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ እንዲህ እንዲያደርጉ የመከርኋቸው እኔ ነኝ። የምሥጢር ቃላቸውን ሲጽፉ ብቻ ዝም ይላሉ።

ያን ዕለት ጋሼ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ስልኬ ጠራ። የእህታቸው ልጅ ናት፤ እሷም የሰፈሬ ልጅ ነች።

«አጎቴ አጠገብሽ አሉ?» አለችኝ።

ድምፅዋን አልወደድሁትም። ባዶ እግሬን ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«ልጁ የለም» አለችኝ። «ትናንት ጧት ለሥራ ሲወጡ መኪናቸው ተገልብጦ። አስከሬኑን ይዘው እየመጡ ነው፤ ነገ ይገባል።»

ግድግዳውን ተደገፍሁ። እሷ ቀጠለች። ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ላሉት ዘመዶች ተነግሯል፤ የጋሼ ታላቅ ወንድም ማምሻውን ይደርሳሉ። የንስሐ አባታቸውና የእድሩ ሽማግሌዎችም ተነግሯቸዋል። ነገ ሊነጋጋ ሲል ቤታቸው ገብተው ያረዷቸዋል።

«ግን መሥሪያ ቤቱ የኀዘን መግለጫ በኢሜይል በትኗል አሉኝ» አለች። «ልጁ ተጠሪ ብሎ ያስመዘገበው አባቱን ነው። ለእሳቸውም ደርሷል ማለት ነው። እንዳያዩት። አደራሽን፣ እንዳያዩት።»

እኛ ዘንድ ሞት በወረቀት አይነገርም። ሰው መርዶውን የሚሰማው በገዛ ቤቱ፣ ሳይነጋ፣ ገና ወደ መንገድ ሳይወጣ፣ ሲወድቅ የሚይዙት ሰዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ነው። ይህን ወግ ኋላ ቀር የሚሉ አሉ። እነሱ ብቻቸውን ተረድተው አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። የአባቴን መርዶ የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው፤ አጠገቤ የተቀመጠ የማያውቀኝ ሰው በስልክ ለሌላ ሰው ሲያወራ። የአባቴን ስም ጠራና «ቀብሩ ነገ ነው» አለ። ማንም አልያዘኝም። ሾፌሩ «ወራጅ የለም?» እያለ ሲጮህ ነው ሰፈሬን እንዳለፍሁ ያወቅሁት። ያ ባጃጅ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ስለዚህ «አደራሽን» ስትለኝ ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

ስመለስ ጋሼ ደብዳቤውን ጀምረዋል።

«ልጄ ሆይ... እንደ ምን... ዋልህ...»

በሩ ላይ ቆምሁ። ክፍሉ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ልጁ እንዴት እንደ ዋለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

መጀመሪያ ያሰብሁት ጠርቼ ላስወጣቸው ነበር። ግን ሽማግሌን ከተቀመጠበት «ቶሎ ይምጡ፣ ይፈለጋሉ» ብሎ ያስነሣ ሰው መርዶውን ነግሮ ጨርሷል። ደግሞም ጋሼ ጆሮ ስለሌላቸው ፊት ያነባሉ። የኔ ፊት ደግሞ ነገር መሸሸግ አያውቅበትም፤ እናቴ «ፊትሽ ከአፍሽ ይቀድማል» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ወደ ጠረጴዛዬ ሄጄ፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተቀመጥሁና ማሰብ ጀመርሁ።

የሁሉም ኮምፒውተር የኔትወርክ ገመድ እኔ ጠረጴዛ ሥር ካለች ሳጥን ነው የሚነሣው። የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ አልሁ። የመስኮቷን ኮምፒውተር ገመድ በጣቴ ተከትዬ አገኘሁትና ነቀልሁት። ማንም አላየኝም። 

«...ከደልጊ የመጣች ጀልባ... እህል ጭና... ወደቡ ላይ ቆማለች...» ይላሉ ጋሼ። «...እምቦጩን ነፋሱ... ወደ ማዶ ገፍቶታል... ሐይቁ ዛሬ... ንጹሕ ነው... ብታየው...»

አንዲት ሴት ፈገግ ብላ ወደ መስኮቱ ተመለከተች። እኔ ጥርሴን ነከስሁ።

«እግዚአብሔር... ከክፉ... ይጠብቅህ... አባትህ።»

ይህን ስሰማ ዕንባዬን መያዝ አቃተኝ። ያሳለኝ መስዬ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንሁ። ብዙም ሳይቆይ ጋሼ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይኸ ነገር አልከፈት አለኝ!»

ሄድሁ። ካርቶንና እስክሪብቶ ሰጡኝ። «ኔትወርክ የለም» ብዬ ጻፍሁ። ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ ካርቶኑን ትተው እኔን ያዩኝ ጀመር።

«አሞሻል እንዴ? ዓይንሽ ቀልቷል።»

«ጉንፋን» አልኋቸው፣ በከንፈሬ ብቻ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለእሳቸው ድምፅ አውጥቼ ተናግሬ አላውቅም፤ አጭር አጭሩን ከከንፈር ይለቅሙታል።

«ዳማከሴ ጭመቂና ጠጪበት» አሉኝ።

ካርቶኑ ላይ «ዛሬ የሚመለስ አይመስለኝም። ነገ ይምጡ» ብዬ ጨመርሁ።

«እጠብቃለሁ። ጡረተኛ ምን ሥራ አለው?» አሉና እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ቢቀመጡ ምን ገዶኝ፣ ገመዱ እኔ እጅ ነው ብዬ ትንሽ ተንፈስ አልሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ግን ከዚያ በኩል ይመጣል ብዬ አልፈራሁም ነበር። አጠገባቸው የምትቀመጥ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ነበረች። ከጧት ጀምራ ጥናቷን ስትጽፍ የዋለች፣ ጨዋ፣ ማውዛቸው ሲያስቸግራቸው እኔን ሳትጠራ የምታስተካክልላቸው ልጅ ናት። ጋሼ ሲጠብቁ አይታ አንጀቷ አልቻለም። ትከሻቸውን ነካ አድርጋ የራሷን ስክሪን አሳየቻቸው። የእሷ ይሠራል። ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

«ተይው፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አልኋት ከጠረጴዛዬ። ድምፄ ከወትሮው ጠንክሮ ወጣ።

«ግድ የለም እትዬ፣ ደብዳቤያቸውን አይተው ይነሣሉ።»

ሰዎች ቀና ብለው አዩን። ሌላ ቃል ብጨምር «ለምን?» ሊሉ ነው።  ደግ ሰውን እንደዚያ ጊዜ ጠልቼ አላውቅም።

ጋሼ ተቀመጡ። «የኔን በኋላ እልከዋለሁ፤ እስቲ እሱ የጻፈውን ልይ» አሉ ለክፍሉ ሁሉ። ከዚያ አድራሻቸውን ፊደል በፊደል እየጠሩ መጻፍ ጀመሩ። የተማሪዋ ገመድ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ጠረጴዛው ሥር ያሉት ገመዶች ሁሉ አንድ ቀለም ናቸው፤ ጎንበስ ብዬ አንዱን ነቀልሁ፣ ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው «ኧረ ተቋረጠብኝ» አለ። መልሼ ሰካሁት። ሌላውን ያዝሁ። በዚህ መሀል የጋሼ ድምፅ ጠፋ።

የምሥጢር ቃላቸውን እየጻፉ ነው።

እግሬ አውጪኝ ብዬ ሮጥሁ። የመብራቱ ሳጥን ኮሪደሩ ላይ ነው፣ አሮጌ ጋዜጦች ከሚቀመጡበት መደርደሪያ ጀርባ። የኛን ክፍል የሚይዘው ብሬከር የትኛው እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ራሱ ይወድቃል፣ የምመልሰውም እኔ ነኝ። ክዳኑን ከፍቼ ወደ ታች ጎተትሁት። ቀጭ አለ። ከክፍሉ ውስጥ የቬንትሌተሮቹ ድምፅ እየረገበ ሄደና «ውይ!» የሚል አንድ ድምፅ፣ ቀጥሎም የብዙ ሰው ማጉረምረም ሰማሁ።

እጄ ሳጥኑ ላይ እንዳለ ቆምሁ። ስንት የሰው ሥራ በዚያች ቅጽበት እንደ ጠፋ አውቄዋለሁ። መብራት ሲሄድ ማሽኖቹን የሚያቆያቸው፣ ዩፒኤስ የሚባለው ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ማሽኖቹም እንደ ሥርዓታቸው ምንም አያስታውሱም። ያስፈራኝ ግን እሱ አልነበረም። ደርሼ ነበር ወይስ አልደረስሁም?

ተመለስሁ። ጋሼ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረጉ፣ ጥቁሩን ስክሪን ያዩ ነበር። አይንቀሳቀሱም። በወንበሮቹ መሀል ዞሬ ፊታቸውን አየሁት። ምንም የለበትም። ምንም የሌለበት ፊት ያልሰማ ሰው ፊት ነው፤ የሰማ ሰው ፊትም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነው።

ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልክ ሊከፈትልኝ ሲል!» አሉ።

የወንበሩን መደገፊያ ያዝሁ። ተመስገን አልሁ በሆዴ። ጋሼ በጣታቸው የመስኮቷን ኮምፒውተር አመለከቱ።

«እዚያ የጻፍሁትስ?»

«ጠፍቷል» አልኋቸው በከንፈሬ።

አንገታቸውን ነቀነቁ። «ግድ የለም። ነገ ደግሜ እጽፍለታለሁ። ሐይቁ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

ሰዉ እያጉረመረመ መውጣት ጀመረ። ተማሪዋ ጫማዋን እያደረገች ሳለ ቀና ብላ የኮሪደሩን አምፖል አየች። በርቷል። ከዚያ ሳጥኑን አየች፤ በጥድፊያ ክዳኑን ሳልዘጋው ነው የተመለስሁት። ከዚያ እኔን አየች። ጋሼ ከአጠገባችን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ማሰሪያ ያጠብቃሉ።

«አንቺ ነሽ ያጠፋሽው» አለችኝ። «ከጧት ጀምሮ የጻፍሁትን። ለምን?»

«ፊትሽን አስተካክዪ፤ ያዩሻል» አልኋት። «መርዶ ነው። የልጃቸው። ኢሜይል ውስጥ አለ። የሚረዱት ነገ ጧት ነው።»

የልጅ ሞት አባቱ አጠገብ ቆሜ አውርቼ አላውቅም ነበር። የመንገድ ወሬ የምናወራ መስለን፣ ፈገግ እያልን ነው ይህን የተነጋገርነው። ቁጣዋ ፊቷ ላይ ቀረ፤ መሄጃ ግን አጣ። ጋሼ ሁለተኛው ጫማቸው ርቆባቸው ሲንጠራሩ አየቻቸውና ጎንበስ ብላ አቀበለቻቸው። መረቋት።

«የኔንስ መርዶ ማን ያርዳኝ» አለች ወደ እኔ ሳታይ፣ ሳቅም ለቅሶም በሆነ ድምፅ። ሳትሰናበተኝ ሄደች። እኔ ብሆን ከዚህ የባሰ ነበር የምናገረው። ግን ዛሬም ቢሆን ያን ብሬከር ከመጎተት አልመለስም።

ክፍሉን ቆልፌ ከጋሼ ጋር ወጣሁ። ደጅ እንደ ወጣን ቆም አሉ።

«መናኸሪያው አካባቢ ኢንተርኔት ቤት አለ ይላሉ። ጄኔሬተር አላቸው አሉ። እስቲ እዚያ ብቅ ብዬ ልምጣ።»

 ካርቶን ተቀብዬ «መጀመሪያ ሐይቁን እንይ፤ ነገ የሚጽፉለት ነገር እናገኛለን» ብዬ ጻፍሁ። አንብበውት ሳቁ። ለልጃቸው ከሆነ እምቢ አይሉም።

ከዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ውኃው ጸጥ ብሏል፤ አንድ ታንኳ ደንገሉን ተጠግታ ታልፋለች። ጋሼ ልጃቸው ሕፃን ሳለ ውኃ ይፈራ እንደ ነበር፣ ቁንዝላ ወስደው አያቱ ቤት ካከረሙት በኋላ ግን ከሐይቁ አልወጣ ብሎ በስንት ልመና እንደ መለሱት አጫወቱኝ። «ለጥምቀት እመጣለሁ ብሎኛል» አሉ። እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ዕንባዬ ሲመጣ አስላለሁ። ሰው ለካ በደስታ ወሬ መሀል ቁጭ ብሎ እንዲህ ይታመማል። የእህታቸው ልጅ በባጃጅ ልትወስዳቸው መጣች፤ እሷም በነጠላዋ እስከ ዓይኗ ተሸፋፍናለች። ጋሼ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«ሁላችሁንም ጉንፋን ጨረሳችሁ» አሉ።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ጋሼ በር ላይ ተሰበሰብን። ሁሉ ነገር ተስተካክሏል። ቢወድቁ የሚይዟቸው ሁለት ጎልማሶች አሉ፤ ውኃ ተቀድቷል፤ ሴቶቹ እስኪነገር ድረስ ድምፅ እንዳያሰሙ ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ድንኳኑ እንኳ ጎረቤት ግቢ ተጭኖ ይጠብቃል። እኔን የእህታቸው ልጅ «አንቺን ለምደውሻል፤ ግቢ» ብላ አስገባችኝ። የቤታቸው ቁልፍ እሷ ዘንድ ስለ ነበር በሩን ከፈተች።

ጋሼ ነቅተው ነበር። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ሲያዩን ቀና አሉ። የንስሐ አባታቸው፣ ታላቅ ወንድማቸው፣ የእድሩ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ገብተው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው አጣፍተዋል። ጎልማሶቹ ግራና ቀኝ ቆሙ። ጋሼ ዞር ዞር እያሉ አዩን፤ በዚያ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ ሽማግሌ የለም። መጽሐፋቸውን ዘጉ።

የንስሐ አባታቸው እንደ ወጉ አንገታቸውን ደፍተው፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ስለ ኢዮብ ጀመሩ። እግዚአብሔር እንደሚሰጥ፣ የሰጠውንም እንደሚወስድ ተናገሩ። ከዚያ የልጁን ስም ጠርተው መርዶውን ተናገሩ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ ጋሼን አየናቸው።

ጋሼ አሁንም ፊታችንን በየተራ ያዩ ነበር።

«ማን ነው?» አሉ።

ሁሉን አስበን የሰውየውን ጆሮ ረሳነው። ከንፈር እንዳያዩ ጋቢ ሸፍኖታል፤ የንስሐ አባታቸው ከንፈር በጢማቸው ውስጥ ነው። ጮኾ መርዶ የሚናገር ደግሞ የለም።  በየቀኑ ያለ ድምፅ የማነጋግራቸው እኔ እንኳ ለአፍታ ትዝ አላለኝም ነበር።

ጋሼ ኮታቸውን ከራስጌያቸው ሳቡ። ከደረት ኪሱ እስክሪብቶና አንድ ካርቶን አውጥተው ለንስሐ አባታቸው ዘረጉላቸው። አባ ተቀበሉ፣ ካርቶኑን አዩት፣ ለወንድማቸው አሳለፉት። ወንድማቸው ለእድሩ ዳኛ ሰጡ። እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ ማንም አንዲት ፊደል ሳይጥልበት፣ ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። ከእኔ ቀጥሎ ግድግዳው ነው።

ጋሼ ወደ እኔ ብቻ ያዩ ጀመር። ትናንት ይህን እንዳያነቡ ክፍል ሙሉ ሰው ሥራውን እንዲያጣ ያደረግሁ ሴት ነኝ። ጻፍሁት። «ልጅዎ ዐርፏል» ብዬ ጻፍሁና ሰጠኋቸው።

ወደ ኩራዙ አስጠጉት። እንደ ልማዳቸውም ጮክ ብለው፣ ቃል በቃል አነበቡት።

«ልጅዎ... ዐርፏል።»

ከአጥሩ ውጭ ያሉት ሴቶች ድምፃቸውን ሲሰሙ መርዶው የተነገረ መሰላቸው፤ ተነግሯልም። ለቅሶው በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ጎልማሶቹ ክንዳቸውን ያዙ። እሳቸው ግን አልወደቁም፤ ለቅሶውንም አይሰሙትም። ካርቶኑን በጉልበታቸው ላይ አድርገው እኔን አዩኝ።

«መቼ?» አሉ።

«ከትናንት ወዲያ ጧት» አልኋቸው በከንፈሬ።

 በልባቸው ቀኑን ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ከፊታቸው ይታየኝ ነበር፤ ጀልባዋ፣ እምቦጩ፣ ንጹሑ ውኃ።

«ከትናንት ወዲያም ስለ ሐይቁ ጽፌለት ነበር» አሉ። «ታዲያ እሱም አልደረሰውም?»

«አልደረሰውም» አልኋቸው፣ ድምፅ ሳላወጣ።